አዲሱ የስታይንለስ ሲንኬ ዛገብኝ፤ ፓሲቬሽን ያድነዋል?

የጁስ ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። ከሦስት ወር በፊት የስታይንለስ ሲንክ አሠራሁ። ሲንኩን የሠራልኝ በያጅ «304 የሚባለው የስታይንለስ ዓይነት ነው፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን ጤፍ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች ወጥተውበታል፤ ብየዳው ላይ ደግሞ ይብሳል። ማታ ማታ በበረኪና እፈትገዋለሁ፣ በማግስቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ተሸውጄ ይሆን? አንድ ደንበኛዬ ፓሲቬሽን ያስፈልገዋል አለኝ። ምንድን ነው እሱ?

ሠፈርተኛው፦
ማግኔት አስጠጊበት። ከሳበ 304 አይደለም።

በያጁ፦
ማግኔቱን ብዙ አትመኚው። 201 የሚባለውን ሌላ የስታይንለስ ዓይነት ከ304 አይለይልሽም። 304 ራሱ የታጠፈበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ሊስብ ይችላል።

እህቴ፣ ተክለሃይማኖት ብየዳ ቤት አለኝ፤ ይሄ ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። መጀመሪያ በረኪናውን ዛሬውኑ አቁሚ። 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ላሜራውን በስሱ ይሸፍነዋል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው፣ በዓይን አይታይም። ቢጫር እንኳ ኦክስጅን ካገኘ ራሱን ይጠግናል። ከዝገት የሚጠብቅሽ እሱ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ ይበሳዋል።

ብየዳ ቤት ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። የተራ ብረት ቱቦላሬ በቆረጥንበት ዲስክ ስታይንለሱን እናለሰልሳለን። አጠገብ የብረት በር የሚሠራ ልጅ ካለ ፍንጣሪው ላሜራው ላይ ያርፋል። ውሃ ሲያገኝ የሚዝገው ያ የተራ ብረት ብናኝ ነው። አንዴ ለክሊኒክ የሠራሁት ጠረጴዛ በሁለት ሳምንቱ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ተመለሰልኝ። ነጥቡን በጥፍሬ ስፍቀው ተነሳ፤ ከሥሩ ላሜራው ያበራል። ያኔ ነው የገባኝ። አሁን የስታይንለስ ዲስክና ብሩሽ ለብቻው ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።

ፓሲቬሽን ይሄን ብናኝ በናይትሪክ ወይም በሲትሪክ አሲድ አሟሙቶ ማንሳት ነው። ቀለም አይደለም፣ ምንም አይቀባበትም። ተራው ብረት ሲሄድ ላዩ ላይ የክሮሚየሙ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ሽፋኑም ያለ ክፍተት ይይዛል።

የጁስ ቤቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ራሴ ልሠራው እችላለሁ? ብየዳው ዳር ዳሩ ሰማያዊና ወርቃማ ነው።

ኬሚስቷ፦
ናይትሪኩን እርሺው፣ ሲትሪኩን ግን ትችያለሽ። መጀመሪያ በሳሙና በደንብ እጠቢ፤ ቅባት ካለ አሲዱ ብረቱን አይነካውም። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 80 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሚ። ጨርቅ ነክረሽ ግማሽ ሰዓት አልብሺው፣ እንዳይደርቅ አርጥቢው። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቀሽ አድርቂው። ጓንትና መነጽር አድርጊ። አደራ፣ የበረኪና ርዝራዥ ካለ አስቀድመሽ አጥቢው! ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል።

በያጁ፦
ሰማያዊውን ግን ሲትሪክ አያነሳውም። እሳቱ ያመጣው ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ክሮሚየሙ ሳስቷል። በንጹሕ ዲስክ ተፍቆ መነሳት አለበት። «ቀብቼ ላጽዳልሽ» የሚልሽ ካለ ምን እንደሚቀባ ጠይቂ። አንዳንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት። ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ ይጎዳል፤ ኩሽናሽ ውስጥ አታስገቢው።

የጁስ ቤቷ፦
እሑድ ዘግቼ ሠራሁት። ሜዳው ላይ የነበሩት ነጥቦች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ብየዳው ላይ ሦስት ቀርተዋል። በያጄ ማክሰኞ ይመጣል፤ አዲስ ዲስክ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።