ጣና ላይ ለሸራ ጀልባ የትኛው ይሻላል፦ ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ?

ባለሸራ
ሰላም ለሁላችሁ። 6 ሜትር የምትሆን ባለሸራ ጀልባ አለችን። መነሻዋ ባሕር ዳር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘጌ፣ አልፎ አልፎ ደቅ ትደርሳለች። ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ስንገባ የሚያግዝ ሞተር ፈልገን፣ ያገለገለ ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት) እና አዲስ ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ለብቻው የሚቀመጥበት) አገኘን። ሁለቱም 8 የፈረስ ጉልበት ናቸው። የቱን እንውሰድ?

ካንዴላ
መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 8 የተባለው እዚህ 6 ተኩል ነው። ለእናንተ ይበቃል፤ እንዲህ ያለች ጀልባ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር እምብዛም አታልፍም፣ ባለ 15 ሞተር ብትጭኑባትም ቤንዚን ትበላለች እንጂ አትፈጥንም። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ከወጣ ካርቡሬተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው፤ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን) ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀይሩት።

ቱ ስትሮኩ ከ10 ኪሎ በላይ ይቀላል፣ እንደ ፎር ስትሮኩ የሚስተካከል ቫልቭ የለውም፣ ፈቶ መግጠሙም አያስቸግርም። የሚሞተው በዘይትና በቤንዚን ድብልቅ ስህተት ነው። 50 ለ1 ማለት ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ግማሹን ቤንዚን ቅዱ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ሙሉት። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን፤ የሞተር ሳይክል ዘይት አመድ ይተዋል። በግምት የሚቀላቅል ሰው ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ሲሊንደር ግፊት አስለኩ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ተዉት።

ጣና ዳር
እኔ ፎር ስትሮክ ነው የምለው። ባለካርቡሬተር ቱ ስትሮክ ከሚወስደው ቤንዚን እስከ ሩቡን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ሐይቁ ውስጥ ይለቀዋል። ወደቡ ላይ ውሃው ፊት እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ይህን ውሃ እኮ ሰው ይጠጣዋል!

ፎር ስትሮክ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ዘይቱ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። አውርዳችሁ መኪና ላይ ስትጭኑት መመሪያው ባሳየው ጎን ብቻ አጋድሙት። በሌላው ጎን ከተኛ ዘይት ሲሊንደር ውስጥ ይገባና የማስነሻ ገመዱ አልሳብ ይላል። ያኔ አትታገሉት፤ ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣሉ፣ ዘይቱ እስኪወጣ ገመዱን በቀስታ ሳቡ።

እምቦጭ ሁለቱንም አይምርም፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትን ወንፊት ይደፍናል። ከኋላ የሚወጣው ቀጭን የውሃ ክር ከሳሳ ወዲያው አጥፉ፣ ሞተሩን ከውሃ ቀና አድርጋችሁ አንሱትና ወንፊቱን በእጅ አጽዱ። የፓምፑ ጎማ ያለ ውሃ ከሠራ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

ባለሸራ
አመሰግናለሁ። ወደ ፎር ስትሮኩ እያዘነበልን ነው። ሌላ የምናየው ነገር አለ?

ካንዴላ
የሞተሩ እግር፣ ማለትም ወደ ፕሮፔለሩ የሚወርደው ክፍል፣ ርዝመት። አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሸራ ጀልባ ኋላዋ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከሰዓት ማዕበል ሲያነሳት አጭሩ ፕሮፔለር ከውሃ ይወጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ሞተሩ የሚታሰርበትን ጣውላ ከላይ እስከ ጀልባዋ ሥር ለኩ። ወደ 50 ከተጠጋ፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ባለ 38ቱን አትግዙ።