ሦስተኛው የባልከኔንደ ካቢኔ (2006)፦ ባለአደራ ነበር ወይስ ሙሉ መንግሥት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2006 ቃለ መሐላ የፈጸመው በጠቅላይ ሚኒስትር ያን ፔተር ባልከኔንደ የሚመራው የሆላንድ ካቢኔ አንዱ ጽሑፍ ላይ «ባለአደራ»፣ ሌላው ላይ «አናሳ ጥምር መንግሥት» ይባላል። ትክክሉ የትኛው ነው? ሥልጣኑስ ከሌላው መንግሥት በምን ያንሳል?

መልስ 1
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያያቸው ቀኑ ነው። እስከ ኖቬምበር 22 ምርጫ ድረስ ሙሉ ሥልጣን ነበረው፤ የጎደለው የምክር ቤት ብልጫ ብቻ ነው። ከምርጫው ጀምሮ ግን «ዴሚሲዮኔር» (ባለአደራ) ሆነ፤ ማለትም መልቀቂያውን አቅርቦ ተተኪ እስኪመጣ ሥራውን የሚያስኬድ። የመጀመሪያውን ዓይነት ሆላንዶች «ሮምፕካቢኔት» ይሉታል። «ሮምፕ» እጅና እግር የሌለው የሰውነት ግንድ ነው፤ አንዱ ፓርቲ ሲወጣ የሚቀረው።

ቁጥሩን ተመልከቱ። ሁለተኛው ምክር ቤት (የታችኛው ምክር ቤት) 150 መቀመጫ አለው፤ ለብልጫ 76 ያስፈልጋል። በ2003ቱ ምርጫ መንግሥቱን የመሠረቱት ሦስቱ ፓርቲዎች፣ ሲዲኤ (ክርስቲያን ዴሞክራቶች) 44፣ ቪቪዲ (ወግ አጥባቂ ሊበራሎች) 28፣ ዲ66 (ማኅበራዊ ሊበራሎች) ደግሞ 6 አገኙ፤ ድምሩ 78። በ2004 ኸርት ቪልደርስ መቀመጫውን ይዞ ከቪቪዲ ስለወጣ ድምሩ ወደ 77 ወርዶ ነበር፤ ዲ66 ሲወጣ 71 ቀረ። ትርፋቸው አንድ መቀመጫ ብቻ ስለነበረ ትንሹ ፓርቲ መንግሥቱን መጣል ቻለ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሕግ ቢያንስ አምስት ድምፅ ከተቃዋሚው ወገን መፈለግ ግድ ነበር።

መልስ 2
አወዳደቁን ልጨምር። መነሻው የሶማሊያ ተወላጅዋ የቪቪዲ የምክር ቤት አባል አያን ሂርሲ አሊ የዜግነት ጉዳይና የውጭ ዜጎች ጉዳይ ሚኒስትሯ ሪታ ፈርዶንክ ጉዳዩን የያዙበት መንገድ ነው። ጁን መጨረሻ ላይ በፈርዶንክ ላይ የመተማመኛ ድምፅ የሚነፍግ ሐሳብ ቀረበ፤ ዲ66 ደገፈው፤ ሐሳቡ ግን ወደቀ። ሚኒስትሯ በቦታቸው ሲቆዩ ዲ66 ድጋፉን አነሳ።

ቀጥሎ የመጣው ቅደም ተከተል ጥያቄህን ይመልሳል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለንግሥት ቤያትሪክስ መልቀቂያ አቀረቡ፤ ንግሥቲቱ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሩድ ሉበርስን «ኢንፎርማተር» (የትኞቹ ፓርቲዎች መንግሥት መመሥረት እንደሚችሉ የሚያጣራ) አድርገው ሾሙ፤ ሲዲኤና ቪቪዲ ተስማሙ፤ የዲ66 ቦታዎች በሌሎች ተሞሉና አዲስ ካቢኔ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ሙሉ ሥልጣን ያገኘው ስምምነቱ እንደ አዲስ ስለተደረገ ነው። የተሰጠው ሥራም አጭር ነበር፤ የ2007 በጀትን ሴፕቴምበር ላይ ማቅረብና ለሜይ 2007 የታሰበውን ምርጫ ማፋጠን።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ዴሚሲዮኔር ከሆነ በኋላስ ምክር ቤቱ ምን ሊያደርገው ይችላል? አስቀድሞ የለቀቀን መንግሥት ማውረድ አይቻልም አይደል?

መልስ 3
ካቢኔውን በሙሉ ማውረድ ትርጉም የለውም፤ ሚኒስትርን ለብቻ መንካት ግን ይቻላል። ዲሴምበር 2006ን ተመልከት። አዲሱ ምክር ቤት ለቆዩ ጥገኝነት ጠያቂዎች ምሕረት እስኪወሰን ከአገር ማስወጣቱ እንዲቆም ጠየቀ። ፈርዶንክ እምቢ አሉ፤ ምክር ቤቱም ወቀሳውን በድምፅ አጸደቀ። ካቢኔው በዚህ ሊሰነጠቅ ሲቃረብ የተገኘው መውጫ የሥራ ልውውጥ ነው፤ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ወደ ፍትሕ ሚኒስትሩ ኤርንስት ሂርሽ ባሊን ዞረ። ሂርሽ ባሊን ራሳቸው በሴፕቴምበር የገቡ ናቸው፤ 11 ሰዎች ስለሞቱበት የስኪፖል እስር ቤት ቃጠሎ ሪፖርት ሲወጣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፒት ሄይን ዶነርና የቤቶች ሚኒስትሯ ሲቢላ ዴከር ለቀው ነበር።

የዴሚሲዮኔርን ሥልጣን የሚዘረዝር የሕገ መንግሥት አንቀጽ የለም። የሚሠራው ልማድ ነው፤ ምክር ቤቱ አንድን ጉዳይ «አከራካሪ» ብሎ ሲሰይመው ለቀጣዩ መንግሥት ይቆያል። ይሄኛው እስከ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2007 ቆይቶ ለአራተኛው የባልከኔንደ ካቢኔ አስረከበ።

መልስ 1
በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑትን የዲክ ስሆፍን ካቢኔ ከዚህ ጋር አታምታቱ። ጁን 3 ቀን 2025 ከጥምሩ ትልቁ ፓርቲ ፒቪቪ ሲወጣ መልቀቂያ ቀረበ እንጂ እንደ 2006ቱ አዲስ ካቢኔ አልተመሠረተም። ኦገስት 22 ላይ ሌላው የጥምሩ ፓርቲ ኤንኤስሲም ወጣ፤ በካቢኔው የቀሩት ቪቪዲና የገበሬዎች ፓርቲ ቢቢቢ በምክር ቤቱ የነበራቸው 32 መቀመጫ ነው። እሱ ከጁን 3 ጀምሮ በሙሉ ዴሚሲዮኔር ነበር።