ቤት የምሠራው ሳሙና ቀይ እንዲሆን ምን ላድርግ?

ጎንደር ነኝ። በኑግ ዘይትና በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና እሠራለሁ። እባካችሁ ቀለሙ ላይ እርዱኝ።

ቢጫው አላስቸገረኝም። እርድ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ ስጨምረው ያምራል፤ ብቻ ፀሐይ ካገኘው ይደበዝዛል። ጭንቄ ቀዩ ነው። የከርከዴ ውሃ ደም የመሰለ ነው፤ ሶዳው ሲነካው ግን ወደ አረንጓዴ ይሄድና ሲደርቅ ጭቃ መሳይ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በርበሬ ቆዳ ያቃጥላል፣ አልደፍረውም። የተነፋ ቀይ አፈር ይሻል ይሆን? ለአንድ ኪሎ ዘይት ስንት ማንኪያ?

ሳሙናው ላይ ለጌጥ የማደርገው ነጠብጣብም አለ። የደረቀ የቡና አተላ ጥሩ ነው፣ ግን ዙሪያውን ቡናማ ይለቃል። ጥቁር አዝሙድ ሳይፈጭ ብጨምረው ገላ ይቧጭራል? ወደ ታች እንዳይዘቅጥስ መቼ ልበትነው?

ቅዳሜ ገበያ የሚገኝ ነገር ጠቁሙኝ። የፋብሪካ ቀለም አልፈልግም።