85 በመቶ የሰጠሁት የኤሌክትሮን ጨረር 6.8 በመቶ ሆኖ ወጣብኝ፤ የት ተሳሳትኩ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሞለር ፖላሪሜትርን፣ ጨረሩን ከብረት ኤሌክትሮኖች ጋር አጋጭቶ ፖላራይዜሽኑን የሚለካውን መሣሪያ፣ በኮምፒውተር አስመስዬ እየሠራሁ ነው። የጨረሩን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የኤሌክትሮኖቹ ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርጋቸው ባሕርይ) ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተሰለፈ፣ 85 በመቶ አድርጌ አስገብቻለሁ። ስፒኑ ወደ ፊት ሲሆን የተቆጠሩትን የኤሌክትሮን ጥንዶች፣ ስፒኑ ተገልብጦ ከተቆጠሩት ጋር ቀናንሼ ለድምራቸው ሳካፍል የቆጠራው ልዩነት 0.053 ይመጣል። ይህን ለ7/9 ሳካፍል 0.068 ብቻ! ሦስት ሌሊት ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት፤ ስህተት አጣሁበት። ሰኞ አማካሪዬ ፊት መቅረብ አለብኝ። እባካችሁ አንድ በሉኝ።

መምህር (አዳማ)፦
እህቴ፣ ኮድሽ ደህና ነው፤ የረሳሽው ብረቱን ነው። 7/9 የሆነ ልዩነት የሚገኘው የሚጋጩት ሁለቱም ኤሌክትሮኖች መቶ በመቶ ፖላራይዝድ ሆነው፣ በጅምላ ማዕከላቸው ዕይታ በ90 ዲግሪ ሲበተኑ ነው። ኢላማሽ ግን ስስ የብረት ፎይል ነው። አንድ የብረት አቶም 26 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ማግኔቱ ስፒናቸውን ሊያሰልፍልሽ የሚችለው ሁለቱን ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይጣፋሉ። ስለ ስፒን ምንም ባይነግሩሽም ከጨረሩ ጋር ግን ይጋጫሉ፣ ይቆጠራሉም። ስለዚህ የኢላማው ፖላራይዜሽን 8 በመቶ ገደማ ነው። 0.068ን ለ0.08 አካፍይው።

ጠያቂ፦
0.85! መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ ላይ በእጄ ነው ያካፈልኩት፤ ኮምፒውተሩን እስክከፍት እንኳን አልታገሥኩም። ግን 2ን ለ26 ሳካፍል 7.7 እንጂ 8 አይሆንም። የትኛውን ልጻፍ?

የቀድሞ ተመራቂ (ሐዋሳ)፦
ይህን መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር ነው። የብረት የመግነጢስ ሞመንት በአንድ አቶም 2.2 የቦር ማግኔቶን (የአቶም መግነጢስ የሚለካበት አሃድ) ያህል ነው። ይህ ሁሉ ግን ከስፒን አይመጣም፤ ጥቂቱ ከኤሌክትሮኖቹ የምሕዋር እንቅስቃሴ ነውና ይቀነሳል። ለስፒን የሚቀረው 2.1 ያህል ነው፤ ለ26 ሲካፈል 8 በመቶ። በጽሑፍሽ ይህን ቅነሳ አሳዪ፤ የመለኪያው ትክክለኛነት በዋናነት የሚንጠለጠለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ሌላም አለ። በብረቱ ውስጠኛ ምሕዋር ያሉት ኤሌክትሮኖች በፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የተበተኑትን ጥንዶች አቅጣጫ ያዛቡታል። መቀበያሽ ጠባብ ከሆነ ከእነዚህ ፖላራይዝድ ካልሆኑት ብዙዎቹ ያመልጡታል፤ ልዩነቱም ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። የፊዚክስ ተመራማሪው ሌቭቹክ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንን ነው። ኮድሽ ኢላማውን ዝም ብሎ የቆመ አድርጎ ከወሰደ 0.85 ማግኘትሽ ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ጠያቂ፦
አዎ፣ ቆሞ ነው የወሰድኩት። አስተካክለዋለሁ። አንድ ልጨምር፦ ለ1 በመቶ ትክክለኛነት ስንት ጥንድ ልቁጠር?

መምህር (አዳማ)፦
የልዩነቱ ስህተት አንድ ለቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። የ0.053 አንድ በመቶ 0.00053 ስለሆነ 3.6 ሚሊዮን ጥንድ ያህል ይበቃሻል። ቆጠራው ቀላሉ ነው፤ አስቸጋሪው ፎይሉ ነው። ጨረሩ ሲበረታ ብረቱ ይሞቃል፣ የስፒኑም ሰልፍ ይላላል። ስለዚህ በሞለር የሚለካው ዋናውን ሙከራ አቁሞ፣ በደካማ ጨረር ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ያለው የጄፈርሰን ላቦራቶሪ ከዚህ በተጨማሪ የኮምፕተን ፖላሪሜትር የሚጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ኢላማው የሌዘር ብርሃን በመሆኑ ሙከራው ሳይቋረጥ ይለካል።

የቀድሞ ተመራቂ (ሐዋሳ)፦
እህቴ፣ እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ነኝ። የውስጠኛ ምሕዋሮቹን የሞመንተም ስርጭት ኮድሽ ውስጥ አብረን እናስገባው፤ ላፕቶፕሽን ቻርጅ አድርገሽ ነይ።

ጠያቂ፦
እመጣለሁ።