አሞጽ «ያልተማረ ድሃ እረኛ» ነበርን?

የቆሎ ተማሪ፦ ባለፈው እሑድ አንድ ሰባኪ ስለ ነቢዩ ሲናገሩ «አሞጽ ያልተማረ ድሃ እረኛ ነበር፤ ስለዚህ ለመስበክ ትምህርት አያስፈልግም» ሲሉ ሰምቼ እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደልኝም። «ድሃ»ን ከየት አመጡት? በትንቢተ አሞጽ የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ያለው ዕብራይስጥ «ኖቄድ»፣ ማለት በግ አርቢ፣ ነው። ይኸው ቃል በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 3 የተነገረው ለሞዓብ ንጉሥ ለሞሳ ሲሆን፣ እርሱም የ100,000 ጠቦትና የ100,000 አውራ በግ ጠጉር ለእስራኤል ይገብር የነበረ ሰው ነው።

እናት ዓለም፦ ወንድሜ፣ በአንድ ቃል ተንጠላጥለው ነቢዩን ባለጸጋ አያድርጉብን። ካህኑ አሜስያስ ከቤቴል ሊያባርረው በተነሣ ጊዜ እርሱ ራሱ ከብት ጠባቂና የሾላ ሠራተኛ መሆኑን መስክሯል። ፍሬው እንዲበስል አንድ በአንድ በስለት መብጣት፣ ነጭ ወተቱ ጣትን እያጣበቀ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ መዋል የጌታ ሥራ አይደለም።

ጠያቂው፦ እኅቴ፣ ሾላው ለሁለታችሁም አይፈርድም። የአሞጽ አገር ቴቁሔ ከቤተ ልሔም በስተ ደቡብ የምትገኝ ደጋ ናት፤ ሾላ ግን ቆላ ይወዳል። ስለዚህ አሞጽ ወይ በቆላ መሬት ነበረው፣ ወይ ለቀን ሥራ ይወርድ ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦ ሾላውን ተዉት፤ «ያልተማረ» የሚለውን መልሱልኝ። ደማስቆን፣ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምን፣ አሞንን፣ ሞዓብን፣ ከዚያም የገዛ አገሩን ይሁዳን በተራ ይከስሳል፤ የእስራኤል ሰው የጎረቤቶቹን ፍርድ እየሰማ ደስ ሲለው፣ ስምንተኛው ክስ በራሱ ላይ ይወድቃል። ይህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሥራ ነውን?

ሸማኔው፦ አዎን፣ ሊሆን ይችላል! በአገራችን ፊደል ሳይቆጥሩ ሰምና ወርቅ የሚያፈስሱ ሰዎችን ያላየ ማን ነው? ዓይነ ስውራን የቅኔ መምህራንስ ስንቱን ሊቅ አላፈሩምን? እርስዎ ትምህርትን ከብራና ጋር አንድ በማድረግዎ አዝኛለሁ፤ ሰባኪውም የተሳሳቱት ማንበብ አለመቻልን እንደ አለማወቅ በመቁጠራቸው ነው።

እናት ዓለም፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ «ድሃ» የሚለው ነው። በእስራኤል ንጉሥ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ዋና ከተማው ሰማርያ በልጽጋ ነበር፤ አሞጽ የወቀሰው የዝሆን ጥርስ አልጋም ተረት አይደለም፣ ቆፋሪዎች በዚያች ከተማ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮችን አግኝተዋል። ችግረኛው በአንድ ጥንድ ጫማ ሲሸጥ፣ ነጋዴው መስፈሪያውን ሲያሳንስና ሚዛኑን ሲያዛባ ያየ ሰው እንዲህ የሚጮኸው ግፉ በራሱ ቆዳ ላይ ስለደረሰ ነው እላለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦ ግፍ የሚያንገበግበው የተገፋውን ብቻ ነውን? ባለ ብዙ መንጋ ሆኖ በመሰሎቹ ላይ ከተነሣ፣ ያጣው ነገር የበለጠ ነበር።

እናት ዓለም፦ «እግዚአብሔር ከመንጋው ኋላ ወሰደኝ» ይላል እኮ። ባለቤቱ ከመንጋው ኋላ አይሄድም።

የቆሎ ተማሪ፦ ስለ ዳዊትም እንዲሁ ተብሏል፤ የሚጠብቀው ግን የአባቱን የእሴይን በጎች ነበር።

እናት ዓለም፦ የአባቱን በግ የሚጠብቅ ልጅም ፀሐይና ብርድ ይፈራረቁበታል፤ ባለጸጋ ነው ማለት አይደለም። ቃሌን አልቀይርም።