አስቸኳይ፦ ተሳቢ ኩሽና የሚጎትት ፒካፕ እስከ ሐሙስ መግዛት አለብኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?

እንጀራ በጎማ (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ማታ
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ አይዳሆ ስፕሪንግስን እንዳለፍኩ ዳገቱ ላይ የመኪናዬ ካምቢዮ ሞተ። ወደ አውሮራ በቶው ትራክ ነው የተመለስኩት። ቅዳሜ ግራንድ ጃንክሽን ሠርግ አለብኝ፤ ቀብድ በልቻለሁ። አርብ ጠዋት መንገድ ላይ መሆን አለብኝ።
ሦስት ፒካፕ አግኝቻለሁ። አንዱ 2021 ፎርድ ኤፍ-150፣ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት የሚባለው ቤንዚን ሞተር። ሁለተኛው 2021 ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500፣ 3 ሊትር ናፍጣ። ሦስተኛው የኤሌክትሪኩ ኤፍ-150 ላይትኒንግ። የፎርዱ ሻጭ ሀይዌይ ላይ በጋሎን 23 ማይል ይሄዳል አለኝ። ታንከሩ 23 ጋሎን ነው። እኔ ደርሶ መልስ 500 ማይል ነው። ስለዚህ አንዴ ሞልቼ ሄጄ እመለሳለሁ ማለት ነው? እባካችሁ ቶሎ።

የዳላሱ ሹፌር
እህቴ፣ ተሳቢው ስንት ይመዝናል? ቁመቱስ? እሱን ሳትነግሪን ማን ምን ይበልሽ?

ሲያትል ዝናብ
ናፍጣውን ግዢ። አለቀ።

እንጀራ በጎማ
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። 16 ጫማ ነው። ባዶውን 5,200 ፓውንድ። ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ ጄኔሬተሩ፣ ውሃው ሲገባ 7,000 ገደማ። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከፒካፑ ጣሪያ በላይ ይወጣል።

ቢኒ ዲሲ
ለ300 ሰው የሚሆነውን ዶሮ ወጥ ቆጥረሽዋል? እሱም እኮ ይመዝናል!

የመካኒክ ልጅ (ዴንቨር)
23 የሚለው ቁጥር ባዶ መኪና ነው። ተሳቢ የለም፣ ዳገት የለም። ከኋላሽ እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር ሲኖር እርሺው። የኔ ኢኮቡስት እንዲህ ዓይነት ረጅም ተሳቢ ሲጎትት በጋሎን 9 ማይል ይሄዳል። 23 ጋሎን በ9 ስታባዢው 207 ነው። መጠባበቂያ ትተሽ 180 ብለሽ ያዢ። ግራንድ ጃንክሽን ደግሞ ከአውሮራ ወደ 250 ማይል ነው። ደርሶ መልሱ ይቅርና መሄጃውም አይበቃሽም። ግሌንውድ ስፕሪንግስ ከመድረስሽ በፊት ቅጂ።
ለምን እንደሚበላ ልንገርሽ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። መንገድሽ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ 6 ቶን ይሆናሉ። 6 ቶን ወደ 1,800 ሜትር ለማንሳት ብቻ ሦስት ጋሎን ተኩል ያህል ቤንዚን ይቃጠላል። የተሳቢውን ጠፍጣፋ ፊት የሚገፋው አየር ገና አልተቆጠረም። እሱ ይብሳል። ፍጥነትሽን ከ70 ወደ 60 ማይል ብታወርጂ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ያ በእጅሽ ያለ ቁጠባ ነው፤ መኪና መቀየር አያስፈልገውም።
ፎርዱን ከወደድሽ 36 ጋሎን ታንከር ያለውን ፈልጊ። ያው መኪና፣ ያው ሞተር ነው፤ ግን ከ300 ማይል በላይ ይወስድሽ ነበር። ሰው ሁሉ በጋሎን ስንት እያለ ይጠይቃል። ለሚጎትት ሰው ግን የታንከሩ ስፋት እኩል ጥያቄ ነው።
ደግሞ አንድ ነገር። ኮሎራዶ ውስጥ ሬጉላር ብለው የሚሸጡት ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው። ፎርድ ከ87 በታች አትቅዱ ይላል። ስትጎትቺ ፕሪሚየም ቅጂ።

ሲያትል ዝናብ
ናፍጣ አልኩ እኮ። ዳገት ላይ ናፍጣን የሚያህል የለም።

የዳላሱ ሹፌር
እውነት ነው፣ ናፍጣው ይሻላል። እኔ ተመሳሳይ ተሳቢ ይዤ በጋሎን 12 አግኝቻለሁ። 24 ጋሎን ከሆነ 280 ማይል ገደማ ነው። ግን የሄደበትን ማይል እዪ። ከ2020 እስከ 2022 የወጡት 3 ሊትር ዱራማክሶች (የሲልቨራዶው ናፍጣ ሞተር) ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞር ቺንጊያ አለ። 150,000 ማይል ላይ ይቀየራል። ያለበት ቦታ ከሞተሩ ኋላ ነው፤ ካምቢዮ ካልወረደ አይገኝም። ሻጩ ይህን አይነግርሽም።

ሸገር ኤሌክትሪክ
ሁላችሁም ስለ ነዳጅ ታወራላችሁ። ኤሌክትሪኩን ለምን አትገዛም? እኛ አገር በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የለ? አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ እየነዳን ነው። ነዳጅ ሰልፍ ረስቻለሁ።

የመካኒክ ልጅ (ዴንቨር)
ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት ልክ ነህ። መጎተት ግን ሌላ ነው። የላይትኒንጉ ትልቁ ባትሪ 131 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባዶውን እስከ 320 ማይል ይባላል። ተሳቢ ሲጎትት ግማሹ ይሄዳል። እንደ እሷ ግድግዳ ከሆነ ከግማሽም ያንሳል። ዋሻው ጋ ለመውጣት ብቻ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቁልቁለቱ ላይ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ሁሉንም አይደለም። ብዙ የቻርጅ ቦታዎች ደግሞ ፊት ለፊት ገብተሽ የምትቆሚባቸው ናቸው። በየማቆሚያው ተሳቢውን ፈትተሽ ልታስቀምጪ ነው። ሠርግ የሚጠብቀው ሰው እንዲህ አይጓዝም።

አባ ጣርማበር
ልጄ፣ እኔ በደጉ ጊዜ አሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ጎትቻለሁ። ጣርማበርን ስንት ጊዜ እንደወረድኩት አልቆጥረውም። ሁሉም ስለ ዳገቱ ያስባል። ሰው የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ዋሻውን አልፈሽ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርጂ ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠሩ መውጫዎች ያሉት ለጌጥ አይደለም። በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። የመጎተቻውን ቁልፍ (tow/haul የሚለውን) ተጫኚ፣ ካምቢዮው ይያዝሽ። ፍሬኑን ረግጠሽ አትቆዪ። ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቂ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተሽ ዳር ያዢና ቁሚ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዳለውና ከጋቢና የሚቆጣጠረው መሣሪያ መገጠሙን ሳታዪ እንዳትነሺ። ስለ ነዳጅ የምታወሩት ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

እንጀራ በጎማ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ተሳቢው ፍሬን አለው። መቆጣጠሪያው ግን አሮጌው መኪና ላይ ነው የቀረው። ይህን ባይነግሩኝ እረሳው ነበር።

ሰላም ከላስ ቬጋስ
እኔ በጥያቄው አልስማማም። የኔ ውድ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሠርግ አንገትሽ ላይ ቆሞ፣ አሮጌ ፒካፕ አትግዢ። ሻጩ መቸኮልሽን ያውቃል። ፒካፕ ያለውና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለአንድ ጉዞ ከፍለሽው ይጎትትልሽ። እኛ አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርገናል። ከመጥፎ መኪና ይረክሳል። ተራ የመኪና ኪራይ ቤቶች ግን አብዛኞቹ መጎተት ይከለክላሉ፤ ውሉን አንብቢ።
ሌላ ደግሞ ውሃውን እዚያው ሙዪ። 40 ጋሎን ውሃ 330 ፓውንድ ይመዝናል። ለምን ተራራ ላይ ታወጪዋለሽ? እንጀራውን ቤት ጋግረሽ ሂጂ፤ ሊጥ አትጫኚ።

የዳላሱ ሹፌር
የሰላም ምክር ወርቅ ነው። ከገዛሽ ግን የሹፌሩን በር ክፈቺና በበሩ ማዕዘን ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብቢ። ሰውና ዕቃ በጠቅላላ ስንት ፓውንድ እንደሚችል ይላል። ከ7,000 ፓውንድ ተሳቢ 10 እስከ 15 ከመቶው መንጠቆው ላይ ያርፋል። 700 እስከ 1,050 ማለት ነው። አንቺ፣ ረዳቶችሽ፣ ድስቱ ሲጨመር ብዙ ፒካፕ ይሞላል። ማስታወቂያው ላይ 11,000 ይጎትታል ቢልሽ አትመኚው።

ሲያትል ዝናብ
ናፍጣ ናፍጣ ናፍጣ። በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።

እንጀራ በጎማ፣ ረቡዕ ጠዋት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። የላይትኒንጉን ነገር ትቻለሁ። ለሚጎትትልኝ ሰው ደውያለሁ፤ ከሰዓት እመልስልሻለሁ አለኝ። እሱ ካልሆነ ናፍጣውን አየዋለሁ። 118,000 ማይል ነው የሄደው። የበሩን ተለጣፊ ፎቶ አነሳለሁ።

የመካኒክ ልጅ (ዴንቨር)
ስታዪው ዳገት ላይ ንጂው። ሜዳ ላይ ሁሉም ደህና ነው። የካምቢዮውን ሙቀት ዳሽቦርዱ ላይ አውጪና እያየሽ ንጂ።

ዮኒ አትላንታ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ እኔም ኤፍ-150 እየፈለግኩ ነው። 36 ጋሎኑን ከ23ቱ ከውጭ እንዴት እለየዋለሁ?

የመካኒክ ልጅ (ዴንቨር)
ከውጭ አይታወቅም። የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ ፎርድ አከፋፋይ ጋ ሂድ፤ ከፋብሪካ የወጣበትን ዝርዝር ያወጡልሃል። የሻጩን ቃል ብቻ ይዘህ ቀብድ አትስጥ።

ዮኒ አትላንታ
ተባረክ።

አባ ጣርማበር፣ አርብ ማታ
ልጄ፣ ዋሻውን አለፍሽ?

ሰላም ከላስ ቬጋስ፣ እሑድ
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ሠርጉ እንዴት ሆነ?