የኮንትራት ልጆቹ ሄዱ፤ የገበያው ቦይስ የማን ነው?

ቧንቧ ጠጋኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቅ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የውኃ መስመር ጥገና» ይላል፤ የመንገድ መብራት ሲጠፋም የቄራው በር ሲወልቅም ግን የምጠራው እኔ ነኝ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ባሕር ዳር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲዘጋባት የእኛም ከተማ ደነገጠች። መናኸሪያው በር፣ ገበያው መግቢያና ጀልባ መውጫው ላይ ሮቶ ተተከለ። ውኃ የሚሞሉና መናኸሪያውን በበረኪና የሚረጩ ወጣቶች በኮንትራት ተቀጠሩ። እነዚህ ልጆች የገበያውን ቦይም ይጠርጉ ነበር። ያዘዛቸው ሰው የለም፤ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ የሚወርደው ወደዚያው ስለሆነ፣ ቦዩ ሲደፈን ሽታው ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነበር። በዚያ ክረምት ገበያው ውኃ አልቋጠረም።

ወረርሽኙ ሲረግብ ገንዘቡም ቆመ፤ ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ። ከሮቶዎቹ አንዱ ለቢሮው መጸዳጃ ቤት ተወሰደ፣ አንዱ ተሰነጠቀ፣ ሌላው ቧንቧው ተፈትቶ ፍየል ይታከክበታል። ይህ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ቦዩ ነው፤ በፌስታል፣ በጫት ገረባና በዓሣ ቅርፊት እስከ አፉ ሞልቷል። ጽዳት ክፍሉን ስጠይቅ «ግንባታ ነክ ስለሆነ የመሠረተ ልማት ነው» ይለኛል፤ መሠረተ ልማት ደግሞ «ቆሻሻ ስለሆነ የጽዳት ነው» ይላል።

በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ቋሚ የሥራ መደብ ይፈቀድ ብዬ ልሟገት ወይስ ሥራው ለማኅበር ይሰጥ ልበል? «አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ጻፍ» የምትሉኝ ካላችሁ፣ የሳጥኑን ቁልፍ የጠገንሁት እኔ ስለሆንሁ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

የሰው ኃይል ባለሙያ
ወንድሜ፣ ለቋሚ መደብ ዘግይተሃል። አዲስ መደብ የሚጠየቀው በጀት ሲዘጋጅ እንጂ ሊዘጋ ሲል አይደለም። ቢፈቀድ እንኳ ማስታወቂያው፣ ምዝገባውና ፈተናው እስኪያልቅ ክረምቱ ያልፋል።

ከዚያ ይልቅ አሁን ካሉት የጽዳት ሠራተኞች በአንዱ የሥራ ዝርዝር ላይ «የገበያውን ቦይ መጥረግ» የሚል መስመር አስገባ። ስም የተጻፈበት ሥራ ባይሠራ እንኳ የሚጠየቅ ሰው አለው። ሠራተኛው ግን ሌላ ሥራ ሳይቀነስለት ይህ ብቻ ከተጨመረበት አይፈርምም፤ እኔም ብሆን አልፈርምም።

አካፋና ቦት ጫማ
ባሕር ዳር ውስጥ በጽዳት ማኅበር ሠርቻለሁ። ማኅበር ከየቤቱ ቆሻሻ ሲያነሣ የሚከፍል አባወራ አለ። ለቦይ ማን ይከፍላል? አዲስ አበባ ውስጥ የጽዳት ክፍያው ከውኃ ሂሳብ ጋር ይሰበሰባል፤ በእናንተ ከተማ እንዲህ ያለ አሠራር ከሌለ ማኅበሩ ጀምሮ ይተወዋል።

ደግሞ የቦይ ጭቃ እንደ ቤት ቆሻሻ አይደለም። እርጥብ ስለሆነ ጋሪ ይሰብራል፤ ውስጡ የጠርሙስ ስባሪና መርፌ አለ፤ ስስ ጓንት ምንም አያደርግም። ውል ከተጻፈ ወፍራም ጓንቱን ማን እንደሚገዛና ጭቃው በዚያው ቀን ወዴት እንደሚጫን ይጻፍ። ብዙ ቦታ አውጥተው ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምሩትና የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ከዚያ «የጽዳት ሴቶች አልሠሩም» ይባላል።

ጀልባ ቀዛፊ
ልጄ፣ ስለ መደቡ አላውቅም፤ ስለ ውኃው ግን ልንገርህ። ጣና ዝቅ የሚለው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ እየሞላ ሄዶ መስከረም ላይ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የቦያችሁ አፍ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ላዩን ብትጠርጉት ፍሳሹ መውጫ የለውም። ነፋስ እምቦጩን ወደ ዳር ሲገፋውማ ጨርሶ ይደፈናል። ከገበያው ሳይሆን ከሐይቁ በኩል ጀምሩ፤ አሁን አፉ ደረቅ ነው።

ቧንቧ ጠጋኝ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወርጄ አየሁት፤ የአፉ ግንብ ከውኃው ወጥቶ ይታያል፣ ደለሉ ግን እስከ ጉልበት ነው። እህቴ፣ የጭቃውን ነገር ማንም አላነሣውም ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ትራክተር ቅዳሜ ሥራ ስለማይኖረው ለዚያ ልጠይቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከገበያው የሚሰበሰበው ኮቴ አለ። ከእሱ ላይ ለቀን ሠራተኛ ማውጣት አይቻልም?

የሰው ኃይል ባለሙያ
በቀጥታ አይቻልም፤ ኮቴ ገቢ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ለቀን ሠራተኛ የተያዘ በጀት ካላችሁና ካነሰ፣ ከሌላ ርዕስ ላይ የተረፈ ገንዘብ እንዲዛወር ፋይናንስን ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሰኔ ሲጋመስ ሁሉም ስለሚሻማ ከዚያ በፊት አስገባው።